የመሬት መዝገብ ክፍያ ሲጨምር መዝገቡ ምን ይሆናል?

ቤት ሲሸጥ፣ ለባንክ በመያዣነት ሲሰጥ ወይም በውርስ ሲተላለፍ ጉዳዩ እልባት የሚያገኘው ሰነዱ በመንግሥት መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው። ለምዝገባው የሚጠየቀው ገንዘብ ከንብረቱ ዋጋ አንጻር አነስተኛ በመሆኑ ብዙም አያነጋግርም። ይሁን እንጂ የይዞታ ካርታና የኮምፒውተር መረጃ ቋት ማደራጀት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ ይህን ክፍያ ከፍ በማድረግ ወጪውን መሸፈን ይቻላል የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ሐሳቡ ጥቅምም አደጋም አለው።

በዚህ አሠራር ረጅም ልምድ ካላቸው መካከል የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ትጠቀሳለች። ግዛቲቱ የመሬት መረጃ መርሐ ግብሯን እ.ኤ.አ. በ1989 በሕግ ስታቋቁም፣ የገንዘብ ምንጩ ሰነድ ከሚያስመዘግቡ ሰዎች የሚሰበሰብ ክፍያ እንዲሆን አደረገች። በ2010 ደግሞ በገጽ ብዛት ይሰላ የነበረው ቀርቶ ለአንድ ሰነድ ወጥ ክፍያ ተደነገገ። ከ2015 ጀምሮ በተሠራበት ድልድል መሠረት ከ30 ዶላር ውስጥ 15ቱ ለካውንቲው አጠቃላይ ገቢ ይውል ነበር፤ 8ቱን ካውንቲው ለመሬት መረጃ ሥራ ያስቀረው ነበር፤ 7ቱ ለግዛቱ መንግሥት ይተላለፍ ነበር።

የአሠራሩ ቁልፍ ያለው ለግዛቱ በሚተላለፈው በዚህ ድርሻ ላይ ነው። ገበያው በደራባቸው ከተሞች በየቀኑ ብዙ ሰነድ ስለሚመዘገብ ገንዘቡ በቂ ነው፤ ጥቂት ሕዝብ በሚኖርባቸው የገጠር ካውንቲዎች ግን የሚሰበሰበው ክፍያ የአንድ ባለሙያ ደመወዝ እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ግዛቱ የሚሰበስበውን ድርሻ በድጎማ መልክ ለካውንቲዎች መልሶ ያከፋፍላል። በዚህ ድጋፍ ከ72ቱ ካውንቲዎች መረጃ ተውጣጥቶ ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ይዞታዎችን የያዘ አንድ ወጥ ካርታ ተዘጋጅቷል። ካርታው ለግብር ትመና፣ ለመንገድ ሥራና ለጎርፍ መከላከል ዕቅድ ያገለግላል።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ገቢው የተመሠረተው በንብረት ገበያ ላይ ነው። በ2020 እና በ2021 በአሜሪካ የወለድ ምጣኔ ዝቅ ብሎ ስለነበር ሕዝቡ የቤት ብድሩን በገፍ አሳደሰ፤ የሰነድ ምዝገባም ጨመረ። ከ2022 ወዲህ ወለድ ሲንር ምዝገባው ቀነሰ። የካርታ እድሳትና የባለሙያ ደመወዝ ግን ገበያው ሲቀዘቅዝ አይቀንስም። በዚያ ላይ ወጥ ክፍያ የኑሮ ውድነቱን ተከትሎ ስለማያድግ የመግዛት አቅሙ ከዓመት ዓመት ይመነምናል። ክፍያው ይጨመር የሚለው ግፊት ከዚህ የመነጨ ነው።

በዊስኮንሲን ቤት ለሚገዛ ሰው እንዲህ ያለ ክፍያ ሸክም ላይሆን ይችላል። አቅሙ ዝቅተኛ በሆነ አገር ግን ተመሳሳይ አሠራር ሌላ ውጤት ያስከትላል። ሩዋንዳ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቁራሽ መሬቶችን በጥቂት ዓመታት መዝግባ ስሟን አስጠርታለች። ይሁን እንጂ ለስም ዝውውር የተደነገገው 30,000 ፍራንክ ወጥ ክፍያ ለኪጋሊ ቤት ገዢ ቀላል ሲሆን፣ ጠባብ ማሳ ለሚሸጥ ገበሬ ከባድ ሆነ። በዚህ የተነሣ በገጠር የሚደረጉ ሽያጮች በግል ውል ብቻ ማለቃቸው ታይቷል። እንዲህ ሲሆን መሬቱ እጅ ይለውጣል፤ መዝገቡ ግን የቀድሞውን ባለቤት ስም እንደያዘ ይቀራል። መዝገቡን ለመደገፍ የተጣለ ክፍያ መዝገቡን ያስረጀዋል ማለት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። በገጠር የመጀመሪያው ዙር የይዞታ ማረጋገጫ በ1990ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች ሲስፋፋ፣ በአነስተኛ ወጪ ለሚሊዮኖች አርሶ አደሮች ደብተር ለመስጠት አስችሏል። ይሁንና ውርስና ፍቺ ያስከተሉት ለውጥ በመዝገቡ ላይ በወቅቱ ባለመስፈሩ መረጃው ከእውነታው እየራቀ ሄደ። በካርታ የተደገፈው ሁለተኛው ዙር በአብዛኛው የተከናወነው በውጭ አጋሮች ድጋፍ ነው። የውጭ ድጋፍ ጊዜያዊ እንደመሆኑ የእድሳቱን ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለከተማ ይዞታም በ2014 የምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ወጥቶ ነበር፤ የከተማው ምዝገባም ዘላቂ ገንዘብ ይሻል።

ከእነዚህ ልምዶች የሚወሰደው ትምህርት ክፍያ መጨመር በራሱ ስሕተት አለመሆኑን ነው። ጭማሪው ተቀባይነት የሚያገኘው ግን ገንዘቡ ለመዝገቡ ሥራ ብቻ እንዲውል በሕግ ሲታሰር፣ ደካማ አካባቢዎች ከድጎማው ሲካፈሉ፣ ውርስና አነስተኛ ዝውውር ደግሞ በዝቅተኛ ዋጋ ሲስተናገዱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጭማሪው ሌላ ግብር ከመሆን አያልፍም፤ አቅም የሌለውም ከመዝገብ ውጭ ይሆናል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ብዙዎች የዓመታት ጥሪታቸውን አገር ቤት ቤት ለመግዛት ያውላሉ፤ ግዢውንም በውክልና ለዘመድ አደራ ይሰጣሉ። ክፍያን ለመቆጠብ ተብሎ በመንደር ውል ብቻ የተቋጨ ግዢ ክርክር ሲነሣ ሰሚ ላያገኝ ይችላል። ገንዘብ ከመላኩ በፊት ይዞታው በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ፣ ከግዢው በኋላም የስም ዝውውሩ መፈጸሙን በሰነድ ማየት ይገባል። መረጃው ታማኝ የሚሆነው ግን ሌላው ሁሉ የራሱን ዝውውር ሲያስመዘግብ ነው፤ ክፍያው ሁሉም ሊከፍለው የሚችል እንዲሆን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።