እንቁላሉ ገበያ ከመውጣቱ በፊት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ የምትገኘው የስናን ወረዳ ከተማ ሮብ ገበያ፣ ስሟ ራሱ የገበያዋን ቀን ይናገራል። የደጋው አርሶ አደር ገብሱን፣ ድንቹን፣ ባቄላውን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን ለገበያ ያወጣል፤ በምትኩም ጨው፣ ቡና፣ ሳሙናና የልጆቹን ደብተር ይዞ ይመለሳል። ረቡዕ ደግሞ የጾም ቀን ነው። በመሆኑም ሳምንቱን ሙሉ በየቤቱ የተጠራቀመው እንቁላል በጾም ቀን ተቆጥሮ ሲሸጥ፣ ቤት የቀረው የሁለት ዓመት ሕፃን በሳምንቱ ውስጥ ስንት እንቁላል በላ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይህ ጥያቄ የእናቶች ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች በስብሰባ አጀንዳቸው ላይ ሊያሰፍሩት የሚገባ የልማት ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው ጎጃም እህል የሚሸጥ አገር ነው። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ ወደ 41 ዝቅ ቢልም፣ ከአገሪቱ አማካይ ከ37 አሁንም በላይ ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጀው ይህንኑ መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ነው። ጎተራው ሞልቶ ልጁ የሚቀነጭር ከሆነ፣ ጉድለቱ በምርት መጠን ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ከጎተራው ወደ ገበታው፣ ከገበታውም ወደ ሕፃኑ አፍ ያለው መንገድ መታየት አለበት።

በዚህ መንገድ ላይ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። እናት እርሻ፣ ወንዝ ወይም ገበያ ስትሄድ ታናሹን አዝላ የምትውለውና የምታበላው የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታላቅ እኅቱ ናት። መቀንጨር በአብዛኛው የሚከሰተው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት የደረሰውን ልጅ ስለ ምግብ ማስተማር የራሱን ቁመት ብዙ ላይመልስለት ይችላል፤ የታናሹን ግን ሊያድን ይችላል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ምግብ ትምህርት ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ታዲያ ይህ ትምህርት «ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ» ተብሎ በጥቁር ሰሌዳ ተጽፎና ተሸምድዶ የሚቀር ከሆነ ከሰሌዳው ጋር ይጠረጋል። በእጅ የሚሠራ ሊሆን ይገባዋል።

ለምሳሌ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሥራ አለ። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ትናንት ለተበላው ምግብ ምልክት የሚሆን ነገር ይዞ ይመጣል፤ ለእንጀራና ለዳቦ የገብስ ፍሬ፣ ለሽሮ ባቄላ ወይም አተር፣ ለጎመን ቅጠል፣ ለእንቁላል ቅርፊት። ሁሉም በአንድ ሰፌድ ላይ ይጨመርና ልጆቹ በየዓይነቱ ለይተው ይቆጥራሉ፤ ይሥላሉ፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። የማን ቤት ምን በላ ተብሎ ግን በስም መጠራት የለበትም፤ ድሀውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ያሳፈረ ትምህርት ሁለተኛ አይሰማም። የገብሱ ክምር ሲያድግና የቅርፊቱ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ሲሆን፣ ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል። ያው ሰፌድ በወላጆች ቀን በአባቶችና በእናቶች ፊት ቢቀርብ ከረጅም ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

የብቅል ነገርም አለ። በደጋው ገብስ አብቅሎ ጠላ መጥመቅን የማያውቅ ቤት የለም። ነገር ግን ጥቂት የብቅል ዱቄት በሞቀ ገንፎ ውስጥ ሲጨመርና አብሮ ሲበስል፣ ወፍራሙ ገንፎ ውሃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል። ሕፃኑም ሆዱ በውሃ ሳይሞላ ብዙ እህል ይውጣል። ልጆች በሁለት ሳህን ላይ አንዱን በብቅል፣ ሌላውን ያለ ብቅል አድርገው ቢያዩት እንደ ተአምር ይመለከቱታል። ባቄላና አተር ተዘፍዝፎ ወይም በቅሎ ቢፈጭም ሰውነት ብረቱን በተሻለ ይወስዳል። ፋፋ የተባለው የታወቀው የልጆች ምግብ በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት በስዊድን ዕርዳታ ሲቀመም፣ ሐሳቡ እህልንና ጥራጥሬን ማዋሐድ ነበር። ፋፋ በገንዘብ ይገዛል፤ የስናን እናት ግን ገብሱም ባቄላውም በቤቷ አለ።

ከሁሉ የከበደው የጾሙ ጉዳይ ነው፤ በግልጽ መነጋገርም ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ልማድ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዲጾም አይገደድም። ይህን የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ሆኖም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ብዙ እናቶች ለሕፃን እንቁላልና ወተት ማብሰል ይተዋሉ። ምክንያቱ ለልጁ አለማሰብ አይደለም፤ ያለው ድስት አንድ ስለሆነና የፍስክ ምግብ ከነካው ቤተሰቡን ያስገድፋል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። እንግዲህ ችግሩ የእምነት ሳይሆን የድስት ነው። ለሕፃኑ የተለየች አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ጣባ ቢኖሩት ጾሙም ይጠበቃል፤ ልጁም ይበላል።

ይህችን ድስት ታላቅ እኅቱ በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ልትሠራት ትችላለች። ጭቃ መምረጥና ሸክላ መተኮስ የሚያውቁት ግን የአካባቢው ሸክላ ሠሪ ሴቶች ናቸው። በድስታቸው እየበላን ስማቸውን ስናጠፋ የኖርነው እነዚህ ሴቶች መምህር ሆነው ወደ ክፍል ቢጋበዙ፣ ልጆች ከሥነ ምግቡ ጋር ሌላም የሚማሩት ይኖራል። የደብሩ ቄስም ሊጠሩ ይገባል። አንድ የንስሐ አባት «ለሕፃኑ ለብቻው አብስይለት» ያለው ቃል ባለሙያ በዓመት ከሚሰጠው ምክር ይበልጣል። ካህኑንም ሸክላ ሠሪዋንም በአንድ ቀን ትምህርት ቤት ማገናኘት የሚችለው ደግሞ በሁለቱም ዘንድ የሚሰማ የገበሬ ማኅበር መሪ ነው።

እንቁላል ብቻውን መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። በኤኳዶር ሕፃናት ለ6 ወር በቀን አንድ እንቁላል ሲበሉ መቀንጨር በእጅጉ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ተገልጿል፤ ተመሳሳዩ ሙከራ በማላዊ ሲደገም ግን ያንኑ ውጤት በቁመት ላይ አላሳየም። በማላዊ ሕፃናቱ አስቀድሞም ዓሣ ይበሉ ነበር። በገብስና በድንች የሚያድገው የጮቄ ሥር ልጅ ኑሮ ለየትኛው እንደሚቀርብ መሪዎች ሊገምቱት ይችላሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ዶሮና ወተት እንዲበዛ ጥሯል፤ የተመረተው ሁሉ ገበያ ከወጣ ግን ሌማቱ የከተማ ሌማት ይሆናል። ከአሥር እንቁላል ስምንቱ ይሸጥ፤ ሁለቱ ለልጅ ይቅር ብሎ በጉባኤ መስማማት ማንንም አያደኸይም።

ስለ ትምህርት ቤት ጓሮም አንድ ነገር መባል አለበት። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም ከመንግሥት ጋር በመተባበር ትምህርት ቤት እንዲሠሩ ኃላፊነት ሰጥቷቸው ነበር፤ በደጋው አያሌ ትምህርት ቤቶች የሕዝቡ ላብ አለባቸው። በየጊዜው እንደሚታየው ግን የትምህርት ቤቱ መሬት ወይ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል ወይ በእኩል ይታረሳል፤ ገቢውም ለጠመኔና ለአጥር ይውላል። አጥርም ያስፈልጋል። ቢሆንም ጥቂት መደብ ለጎመን፣ ለካሮትና ለቀይ ሥር ቢለይ፣ ልጆች ዘርቶ ማብቀልን፣ ጎመኑም በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲበስል ለዓይን ብርሃን የሚጠቅመው ንጥረ ነገር ይበልጥ ወደ ሰውነት እንደሚገባ ይማራሉ። መደቡ ግን የተማሪ ጉልበት መበዝበዣ፣ ምርቱም የመምህራን ወጥ እንዳይሆን ተቆጣጣሪ ያሻዋል። ያበቀለው ልጅ ሊቀምሰው፣ ዘሩንም ወደ ቤቱ ሊወስድ ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ትምህርት ቤቱ ባልተከፈተበት ቀበሌ ይህ ሥራ ይቆይ የሚባል አይደለም፤ የሕፃን አጥንት ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅምና። ሰፌዱ በዕድር ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ሊዘረጋ ይችላል። ድስቷም በሸክላ ሠሪዋ ቤት ልትሠራ ትችላለች፤ ለመጪው ዐቢይ ጾም እንድትደርስ ግን ትእዛዙ ከወዲሁ መሰጠት አለበት፤ ሸክላ ለመድረቅም ለመተኮስም ጊዜ ይፈልጋል።