«ሳተላይት አይቶታል»

ረቡዕ ማታ ከሥራ ስገባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ ውኃ ታንከሩ ሥር ፍራሽ ዘርግተው፣ የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈው ተቀምጠዋል። «ምነው እማማ፣ በዚህ ብርድ?» ብላቸው ስልካቸውን ሰጡኝ። «የጃፓን ሳይንቲስቶች በሳተላይት አይተውታል፤ ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት አዲስ አበባ ትናጣለች» ይላል መልእክቱ።

«ልጄ፣ ሳተላይት ካየው እንግዲህ ምን እንላለን?» አሉኝ።

ከወሬ አዛማቾች ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አካባቢው ሲንቀጠቀጥ ስንት ቀንና ሰዓት እንደተቆረጠልን አልረሳንም። አሁን ደሜን ያፈላው የጃፓኖቹ ስም መጠራቱ ነው። ቀኑን ቆርጦ መናገር እንደማይቻል በመከራ የተማሩት እነሱ ናቸውና።

የጂፒኤስ ሳተላይት መንቀጥቀጥ አያይም። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ ሰዓቱን እየጠራ ምልክት ይልካል፤ ያው ስልካችን መንገድ የሚያሳየን በዚሁ ነው፣ በጥቂት ሜትሮች ስህተት። መሬት ላይ አጥብቆ የተተከለ አንቴና ግን ምልክቱን ዓመት ከዓመት ሲቀበል ሚሊ ሜትር እንኳ አያመልጠውም። ጃፓን ከ1,200 በላይ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ነበሯት። የፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል በዓመት ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል እየተጓዘ ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ሥር ይገባል። ወለሉና ጃፓን ያረፈችበት፣ ሁለቱ የምድር ንጣፎች ሲነካከሱ የላይኛው አብሮ ይጎተታል፤ ባሕር ዳርቻው ወደ ምዕራብ ሲገፋ ጣቢያዎቹ ለዓመታት መዝግበዋል። ዕዳው ሲጠራቀም ይታይ ነበር፤ የመክፈያው ቀን ግን የትም አልተጻፈም።

ቀኑ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ሆነ። እነሱ ዘንድ ከቀትር በኋላ 2፡46፣ በእኛ አቆጣጠርም ከጠዋቱ 2፡46። በኦሺካ ልሳነ ምድር ያለው ጣቢያ 5.3 ሜትር ወደ ውቅያኖሱ ተስፈንጥሮ 1.2 ሜትር ወደ ታች ሰመጠ። ሱናሚው ተከተለ፤ ከ18,000 በላይ ሰው ሞቶና ጠፍቶ ቀረ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የባሕሩ ወለል ነው። የሳተላይት ምልክት የባሕር ውኃ ዘልቆ አይገባም፤ ስለዚህ የብሱ ላይ የተተከሉት አንቴናዎች ሁለቱ ንጣፎች የሚገናኙበትን ጥልቅ ስፍራ በቅጡ አያውቁትም ነበር። የጃፓን ባሕር ጠባቂዎች ግን መላ አላቸው። መርከቧ ያለችበትን ቦታ በጂፒኤስ ትለካለች፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ወደተቀመጡ መሣሪያዎች ድምፅ ትልካለች፣ መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ትቆጥራለች። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ተመልሰው ሲለኩ አንዱ ነጥብ 24 ሜትር ተጉዞ አገኙት። ይህን ያወቁት ምንም ባልተፈጠረባቸው ዓመታትም እየሄዱ ይለኩ ስለነበር ነው። ማንም ሳያጨበጭብላቸው፣ ማዕበል ላይ ሆነው። እንዲህ ያለውን ሥራ እወዳለሁ፤ አገራችንም እንዲህ ያሉ ሰዎችን እንድታከብር እመኛለሁ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የሰመጠው ባሕር ዳርቻ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ እየተነሣ ነው። መሬቱ ሲሰምጥ ከፍ ተደርገው የተሠሩ የዓሣ አጥማጆች ወደቦች ጀልባ ስለራቃቸው እንደገና ዝቅ መደረግ አስፈልጓቸዋል። ሴንቲ ሜትር የሚቆጥር ሰው ጥቅሙ ለዓሣ አጥማጁም ነው።

ለእማማ ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩላቸውም። የእኛ ስምጥ ሸለቆ እንደ ጃፓን አንዱ ሌላውን የሚውጥበት ሳይሆን ምድር በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለያይበት መሆኑን፣ ቀኑንም ጃፓን ሆነ ማንም እንደማያውቀው ብቻ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፤ ግን አልገቡም። «አንተ ብትሳሳትስ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

9 ሰዓት አለፈ፣ ነጋ። ሕፃኑ እስከ ዛሬ ያስለዋል። መልእክቱ ስልካችሁ ውስጥ ካለ እባካችሁ ለማንም አትላኩት።