የጽኑ ሕሙማን ነርስ ዝግጅትና የጣርማ በር ዳገት

አንድ የነርሲንግ ተማሪ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል በቅቷል የሚባለው ብዙውን ጊዜ የመተንፈሻ ማገዣ መሣሪያና የሞኒተር አጠቃቀም ሲያውቅ ነው። ይህ መለኪያ አስፈላጊ ቢሆንም ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ በቂ አይደለም። ወደ ከፍተኛ ሕክምና ለሚላክ ሕመምተኛ የጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ የሚጀምረው አምቡላንስ ውስጥ ነውና።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር የተባለ ሕመምተኛ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን ይሻገራል። በዚያ ከፍታ የአየሩ የኦክስጅን ግፊት ከሸዋ ሮቢቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የሳንባ ምች የያዘው ሰው ቆላው ላይ የተረጋጋ መስሎ ዳገቱ ላይ ሊዳከም ይችላል። 600 ሊትር ኦክስጅን የቀረው ሲሊንደር በደቂቃ 5 ሊትር ሲሰጥ 120 ደቂቃ ይቆያል፤ ፍላጎቱ ወደ 10 ሊትር ካደገ ግን 60 ደቂቃ ብቻ። በጽኑ ወባ የተያዘ ሕመምተኛም የደም ስኳሩ በመንገድ ላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ ራሱን ሲስት መንስኤው ወባው ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ሥርዓተ ትምህርቱ ቀድሞውንም የተጨናነቀ ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። ሆኖም የሚጠየቀው አዲስ ኮርስ ሳይሆን የምዘና ለውጥ ነው። የተግባር ፈተናው ሕመምተኛን በሪፈር ማጀብን ያካትት፤ ተማሪው ኦክስጅኑን ከመነሳቱ በፊት ያስላ፣ ትንፋሽና ንቃትን በየ15 ደቂቃው ይመዝግብ፣ ለተቀባዩ ባለሙያም በቃልና በጽሑፍ ያስረክብ። ዳገቱን ማሳጠር የትምህርት ክፍሎች ሥልጣን አይደለም፤ አጃቢውን ነርስ ማብቃት ግን ዋና ተግባራቸው ነው።