ስምም ሐቅ ነው

ከሰው ኪስ አሥር ብር ብትመዝ ሌባ እንደምትባል ታውቃለህ። ጎረቤትህ ለዓመታት ደክሞ ያስከበረውን ስም በራስህ ዕቃ ላይ ለጥፈህ ብትሸጥስ ምን ትባላለህ? በገበያችን ቋንቋ «ብልህ ነጋዴ» ትባላለህ። ሰላት ከሚሰግዱ፣ ዘካ ከሚያወጡ ወንድሞች አፍ እንኳ ይህንን ሰምተናል። እኔ ከዚህ ብልጠት ጋር ጠብ አለኝ።

እስቲ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ግባ። ደርቆ የተፈጨው ሽፈራው በላስቲክ ታሽጎ፣ ዳጣው በጠርሙስ ተሞልቶ፣ የጨንቻው ፖም በሳጥን ተደርድሮ ታያለህ። የዶርዜ ጋቢና ነጠላ፣ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ቀለም የተሰባጠረበት ዱንጉዛም አለ። ከእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ግማሹን የሚያወጣው ስማቸው ነው። ገዢዋ እናት ዱቄቱ ከአቧራ ነፃ መሆኑን፣ ዳጣው በንጹሕ እጅ መዘጋጀቱን በዓይኗ አላየችም። የምታምነው በማሸጊያው ላይ ያለውን ስም ነው። አጭበርባሪውም የሚገባው በዚያው በር ነው። ከውጭ አገር በማሽን ታትሞ የመጣን ጨርቅ ዘርግቶ «የዶርዜ ነው፣ የእጅ ሥራ ነው» ይላል። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ቀናት የፈጀበት ጥበብ በማተሚያ ማሽን ዋጋ ይረክሳል።

«ሸማኔው እኮ ሙስሊም አይደለም፣ የእኛ ጉዳይ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ሱብሓነላህ! የሰው ሐቅ በሃይማኖት ይለካል ያለህ ማነው? ደግሞስ ሸማኔን መናቅ ለማን ነው የሚያምርበት? ታሪክህን ዞር ብለህ እይ። በጎንደር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 ዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በዚያ ሁሉ ዘመን ርስት የተከለከሉት አባቶቻችን የኖሩት በንግድና በሽመና ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ለብዙዎቹ መሬት የሚባል ነገር አልነበረም። የነበራቸው ስም ነው። «የእገሌ ጨርቅ አይለቅም፣ የእገሌ ሚዛን አይጎድልም» መባሉ ርስታቸው ነበር። ርስት የተነፈገ ሰው ልጅ የሌላውን ርስት ሲረግጥ ማየት ያሳፍራል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ጣታቸው እርጥበት ያገኘበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልለውንም ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ያ ሰው የደበቀው እርጥበት ነበር። የሌላን ሰው ስም የሚለጥፈው ግን ዕቃውን እንዳለ ይደብቃል።

ብዙዎቻችን የማናነሳው ሌላም ዘገባ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ሲጽፉ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማያነቡ ስለተነገራቸው የብር ቀለበት አሠርተው ስማቸውን አስቀረጹበት። ከዚያም ማንም ሰው በቀለበቱ ላይ ያንኑ ጽሑፍ እንዳይቀርጽ ከለከሉ። አነስ ያስተላለፉት ይህ ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ይገኛል። ነገሩ ማኅተም እንጂ ንግድ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሆኖም የአንዱ መለያ በሌላው እጅ ሲገባ እምነት እንደሚፈርስ ከዚህ የበለጠ ምን ያሳያል?

ስም አይዳሰስም፣ ስለዚህ ንብረት አይደለም ብለው የተከራከሩ ዑለሞች ነበሩ፤ ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1409 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1988) ኩዌት ላይ ተሰብስቦ በውሳኔ ቁጥር 43 የንግድ ስምና የንግድ ምልክት የባለቤታቸው መብት መሆናቸውን፣ የገንዘብ ዋጋ እንዳላቸውና እነርሱን መድፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ልዙር፤ ስሙን ሜዳ ላይ ጥሎ ለሚተኛው። «ሪዝቅ ከአላህ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» ትላለህ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሚናገር ታውቃለህ? ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው። ሪዝቅን የሰጠው ጌታ ነው ጻፉ ያለው።

«ንግድ ፈቃድ አለኝ» ማለትም አያድንህም። ንግድ ፈቃድ ለመነገድ ያስችልሃል፤ የንግድ ስምህ ድርጅትህን ይጠራል። በማሸጊያው ላይ ያለው መለያ ግን ሌላ ነገር ነው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክቱ ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። እንበልና እህቴ፣ ዳጣሽን አንድ ስም አውጥተሽለት አሥር ዓመት ሸጥሽ። አዲስ አበባ ያለ ባለ ገንዘብ ያንኑ ስም በራሱ ቢያስመዘግበው፣ በገዛ ስምሽ ከሳሽ ሳይሆን ተከሳሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ለ3 ተከታታይ ዓመት ያልተሠራበት ምልክት ሊሰረዝ ይችላል። ጥበቃውም በዕቃው ዓይነት ነው፤ ጨርቅ በ24ኛው፣ ልብስ በ25ኛው፣ ሻይ በ30ኛው፣ ትኩስ ፍራፍሬ በ31ኛው ክፍል ይመደባል።

የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ያለው አዲስ አበባ ነው። ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለሙዝ ጭነት በየሳምንቱ ይህን መንገድ የምንመላለስ ሰዎች ለስማችን ሲሆን ራቀን ማለታችን ይገርማል።

(በነገራችን ላይ፣ በማሸጊያ ላይ የአላህን ስም የምትጽፉ ወንድሞች፣ ላስቲኩ ከተቀደደ በኋላ የት እንደሚወድቅ አስባችሁ ታውቃላችሁ?)

የአገር ስም ግን የአንድ ሰው ሊሆን አይገባም። «ዶርዜ»ን ወይም «ጨንቻ»ን ለብቻዬ ላድርግ የሚል ነጋዴ ቢነሳ ከአስመሳዩ አይሻልም። ለዚህ አዋጁ የወል የንግድ ምልክትን አስቀምጧል፤ ማኅበር ያስመዘግበዋል፣ አባላቱ ይሠሩበታል። እርግጥ ነው፣ ምልክቱ የሚጠብቀው መለያውን እንጂ የዱንጉዛውን ንድፍ አይደለም። ቢሆንም ገዢው የእጅ ሥራውን ከታተመው የሚለይበት ነገር ያገኛል። የስም ጠብ ቀላል እንዳልሆነ ቡናችን አሳይቶናል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ሲነሳ፣ ስታርባክስ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ስም ቀድሞ አመልክቶ ተገኘ። ስምምነት የተፈረመው በ2007 ነው። ባለቤቱ ሲተኛ ሌላው ይነሳል።

በሰው ስም የነገድክ ወንድሜ ሆይ፣ ተውበት እንዳለ አውቃለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ እንደማይወጣ ዑለሞቻችን አስተምረውናል፤ ባለቤቱን ፈልጎ መመለስ ወይም ዐውፍ ማስባል ይጠይቃል። ዱቄቱን የኮረጅክበት ጎረቤትህ በር ቅርብ ነው። የዶርዜውን ሸማኔስ? ስሙን እንኳ አታውቀውም። ጨንቻ ወጥተህ፣ ሽሮ ሜዳ ወርደህ፣ የማንን በር ታንኳኳለህ?