ላሟ ከመሬት በታች ናት

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። የኮርቤቲ እንፋሎት ግን በሰማይ ሳይሆን ከእግራችን ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለ1000 ሜጋዋት ከአይስላንዱ ሬይካቪክ ጂኦተርማል ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በ2015 የኃይል ሽያጭ ውል ተፈረመ፤ በ2017 እንደገና ተፈረመ። በመካከሉም፣ በ2016፣ የጂኦተርማል አዋጅ ወጣ። ዓመታት ግን ነጎዱ።

እንግዲህ ፊርማም አዋጅም አልጎደለንም። የጎደለን የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። ባለሀብቱ የሚበደረው በዶላር ነው፤ ኃይሉን የሚገዛው መንግሥታዊ ተቋም ከሕዝቡ የሚሰበስበው ግን ብር ነው። ብር በወደቀ ቁጥር ጉድለቱን ማን ይሸከም? ባለሀብቱ፣ መንግሥት ወይስ የመብራት ከፋዩ? ምንዛሪው በ2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጥያቄው ከበደ እንጂ አልቀለለም። መንግሥት ይህን ከፊርማ በፊት በግልጽ ይወስን፤ ያለዚያ እንፋሎቱ ከመሬት በታች፣ እኛም ከኩራዝ ጋር እንቀራለን።