ስለሚዘገይ ልብስ ማድረቂያ

በአሜሪካ አገር፣ ይልቁንም በዋሽንግተን ዙሪያ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በመሳሰሉት ከተሞች በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን የልብስ ማድረቂያ መኪና ቆሞ ይገኛል። «ድራየር» እያሉ የሚጠሩት ይህ መኪና በደኅናው ጊዜ የታጠበውን ልብስ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አድርቆ ያስረክባል። ውሎ አድሮ ግን ሥራው እየተጓተተ ይሄድና አንዱን ልብስ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ማዞር ግድ ይሆናል፤ ለእሑድ ቅዳሴ ተብሎ ቅዳሜ ማታ የታጠበው ነጠላም እኩለ ሌሊት ላይ ገና እርጥብ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ሰዎች «መኪናው አርጅቷል፤ ሙቀቱ ደክሟል» ብለው ይፈርዱና አዲስ ለመግዛት ዋጋ መጠየቅ ይጀምራሉ። እኛ ግን ይህ ፍርድ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው እንላለን።

ልብስ የሚደርቀው በሙቀት ብቻ እንዳልሆነ በአገራችን ልብስ አጥባ በአጥር ላይ ያሰጣች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። በደጋ አገር ፀሐይ በደመና ተሸፍና ሳለ ነፋስ ከነፈሰ ልብሱ ይደርቃል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ በምድጃ አጠገብ የተሰቀለው ግን ይሞቃል እንጂ ቶሎ አይደርቅም። ሙቀት ውሃውን ወደ ተን ይለውጠዋል፤ ተኑን ተሸክሞ የሚወስደው ግን ነፋስ ነው። መኪናውም የተሠራው በዚሁ ሕግ መሠረት ነው። ከበሮው ልብሱን ያገላብጣል፤ ማሞቂያው ከክፍሉ የሚገባውን አየር ያግለዋል፤ ማራገቢያው ደግሞ እርጥበት የጠገበውን አየር በወንፊት አሳልፎ፣ ከኋላ በተገጠመው ቱቦ በኩል ወደ ደጅ ይሰድደዋል። እንግዲህ መኪናው ሲዘገይ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የነፋሱ መንገድ ነው፤ ሙቀቱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ለዚህም አንድ ግልጽ ምልክት አለ። ልብሱ ከከበሮው ሲወጣ ትኩስም እርጥብም ከሆነ ማሞቂያው እየሠራ ነው፤ የታፈነው አየሩ ነው። መውጫ ያጣው ሙቀት በመኪናው ውስጥ ሲጠራቀም ቴርሞስታት የሚባለው የሙቀት ጠባቂ ማሞቂያውን ያጠፋዋል፤ ጥቂት ሲበርድ መልሶ ያበራዋል፤ እንዲህ ሲበራና ሲጠፋ ሰዓቱ ያልፋል። ይህ ሲደጋገም መኪናውን ከቃጠሎ እንዲጠብቅ የተሠራው የሙቀት ፊውዝ ይቃጠላል። በዚያን ጊዜ የሚጠራው ሠራተኛ ፊውዙን ቀይሮ ቱቦውን ሳያይ ቢሄድ ገንዘቡን ተቀበለ እንጂ መኪናውን አላበጀም፤ አዲሱም ፊውዝ ብዙ ሳይቆይ ያንኑ መንገድ ይከተላል።

ከወንፊቱ እንጀምር። በወንፊቱ ላይ የሚሰበሰበው የጥጥ ብናኝ ልብስ በደረቀ ቁጥር መነሣት አለበት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ማንሣት አይበቃም። ብናኙ ተነሥቶ ወንፊቱ ንጹሕ ቢመስልም ልብስን ለማለስለስና ለማሸተት ከልብሱ ጋር የሚጨመረው ስስ ጨርቅ በዐይን የማይታይ የሰም ሽፋን ይተውበታል። ወንፊቱን አውጥቶ ውሃ ቢያፈሱበት ውሃው ወዲያው ካላለፈና እንደ ኩሬ ከቆመ አየሩም እንደዚያው አያልፍም ማለት ነው፤ ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ አጥቦ አድርቆ መመለስ ነው። በእኛ ቤቶች ደግሞ ይህ ነገር በርትቶ ይታያል። በእጅ የተፈተለ የጥጥ ልብስ፣ ይልቁንም አዲስ ጋቢ፣ በፋብሪካ ከተፈተለው ልብስ እጅግ የበዛ ብናኝ ያወጣል። ስለዚህ ጋቢ ለብቻው ቢደርቅና ገና በግማሹ መኪናውን አቁሞ ወንፊቱን ቢያዩት መልካም ነው። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ከሌላ ልብስ ጋር ሲዞርም ሌላውን ጠቅልሎ እንደ ኳስ ይሆንና ውጭው ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ እንደ ሆነ ይቀራል። አውጥቶ መፍታትና ማራገፍ ሌላ ሰዓት ከማዞር ይሻላል።

ቀጥሎ ቱቦው ነው፤ እኛ እንደምናምነው አብዛኛው በደል የሚገኘውም እዚህ ነው። መኪናው ቦታ እንዲያተርፍ ተብሎ ወደ ግድግዳው ሲገፋ ከኋላው ያለው ቱቦ ይጨፈለቃል። ስፋቱ አራት ኢንች፣ ማለት አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ሊሆን የሚገባው መንገድ የሁለት ጣት ስንጥቅ ሆኖ ይቀራል። ከፕላስቲክ ወይም ከስስ ብራናማ ብረት የተሠራው ተጣጣፊ ቱቦ በሽብሽቡ ሁሉ ብናኝ ይይዛል፤ ፕላስቲኩማ እሳትም ያቀጣጥላል። ልሙጥና ጠንካራ የብረት ቱቦ ከሁሉ ይሻላል። በአሜሪካ በብዙ ቦታ የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ፣ አምራቹ ሌላ ካልፈቀደ በቀር፣ የቱቦውን ርዝመት በ35 ጫማ ይወስናል፤ ቀጥ ብሎ በታጠፈ ቁጥርም 5 ጫማ ይቀንሳል። ሦስት ጊዜ የታጠፈ ቱቦ እንግዲህ ከ20 ጫማ ማለፍ የለበትም። ወደ ውስጥ የገባ ብሎን ብናኝ ይይዛል፤ በመውጫው ላይ የወፍ መከላከያ ተብሎ የሚደረግ ሽቦም በጥቂት ጊዜ ይደፈናል።

መኪናው እየዞረ ሳለ ወደ ደጅ ወጥቶ እጅን በመውጫው ፊት ማድረግ ነው። ክዳኑ በደንብ ተከፍቶ ሞቃትና ብርቱ ነፋስ ከወጣ መንገዱ ጤነኛ ነው። ክዳኑ እየተንቀጠቀጠ ደካማ ትንፋሽ ብቻ ከወጣ መኪናውን አጥፍቶ፣ ከኤሌክትሪኩ ነቅሎ፣ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ይህን ያህል የምናጠብቀው ስለ ሰዓት ብቻ አይደለም። የጥጥ ብናኝ ለእሳት የተዘጋጀ ጭድ ነው። የዩናይትድ ስቴትስ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2008 እስከ 2010 በነበሩት ዓመታት በመኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ 2,900 ያህል የልብስ ማድረቂያ እሳት እንደ ተነሣ፣ አምስት ሰዎች እንደ ሞቱና መቶ ያህል እንደ ተጎዱ ገምቷል፤ ከምክንያቶቹም ግንባር ቀደሙ መኪናውን አለማጽዳት ነበር። በጋዝ የሚሠራ ማድረቂያ ያለው ቤት ሌላም ፍርሃት አለበት። የተደፈነ ቱቦ ሽታም ቀለምም የሌለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ወደ ቤት ይመልሰዋል፤ በዚህ ቤት መርዙን የሚያስታውቅ ደወል ሊጠፋ አይገባም።

ነፋሱ ብርቱ ሆኖ ልብሱ ግን ቀዝቃዛ ከሆነ በዚህ ጊዜ በደሉ የሙቀቱ ነው። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ በ240 ቮልት ይሠራል፤ ይህም ከሁለት የ120 ቮልት መስመሮች የተገኘ ነው። ከበሮውን የሚያዞረው ሞተር አንዱ መስመር ሲበቃው ማሞቂያው ሁለቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱ መስመር ቢቋረጥ ከበሮው እንደ ወትሮው ይዞራል፤ ሙቀት ግን የለም። ብሬከሩን አጥፍቶ መልሶ ማብራት ነገሩን ሊፈታው ይችላል፤ እንደገና ከወደቀ ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥራት እንጂ መታገል አይገባም። በራሱ መዝኖ የሚቆም መኪና ልብሱ ሳይደርቅ ከቆመ ደግሞ በከበሮው አፍ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ብረቶች በአልኮል በራሰ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ እርጥበትን የሚለዩት እነርሱ ናቸውና ያው የማለስለሻው ሰም ሲጋርዳቸው ይታለላሉ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማድረቂያው በማጠቢያው ኃጢአት ይከሰሳል። ልብሱ ከማጠቢያው ሲወጣ ቢጨምቁት ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ማጠቢያው በሚገባ አልጠመዘዘውም። አንድ ሊትር ውሃ ወደ ተን ለመለወጥ ሁለት ሦስተኛ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ 5,000 ዋት ማሞቂያ ምንም ሳያባክን ቢሠራ እንኳ ይህ ስምንት ደቂቃ ነው። ሁለት ሊትር ትርፍ ውሃ የያዘ ልብስ እንግዲህ ቢያንስ 16 ደቂቃ ያስዘገያል። ማጠቢያውን በብርቱ ዙር አንድ ጊዜ ደግሞ ማስጠምዘዝ ከዚህ እጅግ ይረክሳል።

በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ቱቦ የሌለው፣ ውሃውን በገንዳ የሚያጠራቅም ማድረቂያ ሊኖራቸው ይችላል። ከዚህ ወገን ሂት ፓምፕ የሚባለው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚሠራ በተፈጥሮው ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ አይደነቅም፤ የሚቆጥበው ኤሌክትሪክ ስለ መዘግየቱ ይክሳል። ገንዳውን ማፍሰስ፣ ወንፊቱንና ተኑ የሚቀዘቅዝበትን ክፍል አምራቹ እንዳዘዘው ማጽዳት ይበቃል።

ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ተከራይተው ለሚኖሩ ግን ቱቦው በግድግዳና በጣራ ውስጥ ስለሚያልፍ እጃቸው አይደርስበትም። ከመኪናው እስከ ግድግዳው ያለውን የራሳቸውን ድርሻ አጽድተው ነፋሱ አሁንም ከደከመ ጉዳዩ ወደ ቤቱ አከራይ ይሄዳል። በቃል ከመንገር ይልቅ ቀን ጽፎ፣ ልብሱ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ ቆጥሮ፣ «የማድረቂያው ቱቦ ተደፍኗልና ይጸዳልን» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅና ግልባጩን ማስቀረት ይገባል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ልብሱን ገመድ ዘርግቶ ማስጣት ነው፤ ማድረቂያውንም ቤተ ሰቡ ተኝቶ ሳለ ወይም ቤቱን ዘግቶ ሲወጣ ማዞር አይገባም።