«አንድ የኢኳዶር ቡድን»?

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ እ.ኤ.አ የ2008ቱን የዓለም ክለቦች ዋንጫ ሲቆጥር ተጋጣሚውን «አንድ የኢኳዶር ቡድን» ብሎ ካለፈ ንቀት ነው። ሊጋ ዴፖርቲቫ ዩኒቨርሲታሪያ በኪቶው ማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጠነሰሰ፣ ዛሬም የዩኒቨርሲቲን ስም ያልጣለ ክለብ ነው። ሜዳው ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ እንግዶች «አየር አጠረን» ይላሉ፤ አዲስ አበቤ ይህችን ሰበብ ያውቃታል! በዚያው ዓመት የሊበርታዶሬስን ዋንጫ ያነሳው ግን ማራካና ላይ ነው። ከፍሉሚኔንሴ ጋር ኪቶ ላይ 4 ለ 2 አሸንፎ፣ ሪዮ ላይ 3 ለ 1 ተረታ። በመለያ ምት በረኛው ሴቫዮስ ሦስት አዳነ። ዮኮሃማ ላይ ዩናይትድን ያሸነፈችለት የሩኒ አንድ ጎል ናት፣ ያውም በ73ኛው ደቂቃ። ቪዲች በቀይ ወጥቶ በ10 ሰው የቀረውን ቡድን አለመቅጣታቸው ግን የራሳቸው ጥፋት ነው።